በሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ሽፋን

ናፓናንግካ ዕድሜዋን በትምህርት ቤታችን በአስተማሪ ረዳትነት የጨረሰች ሴት ናት። ልጆቻችን ዓለምን ያወቁት ከእሷ ጋር የጂኦግራፊ መጽሔት እያገላበጡ ነው፤ እኛ የበረሃ ሰዎች ባሕርን ሌላ ከየት እናያለን? አንድ ጊዜ የዚያው መጽሔት ፎቶ አንሺ መጥቶ የናፓናንግካን ልጅ አሸዋው ኮረብታ ላይ አነሳት። ሽፋን ላይ ትወጣለች ሲባል እናትየዋ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ባለሱቁን ጋቪንን፣ ሲታተም በብዛት አስመጣልኝ ብላ ጨቀጨቀችው።

መጽሔቱ የደረሰው ልጅቷ በኩላሊት ሕመም ከሞተች በኋላ ነው።

ስሟን አልጠራም። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፤ ምስሉም ለቅሶው እስኪያበቃ ይሸፈናል። ልጅ የሞተባት እናት ደግሞ ትልልቆቹ ሴቶች ዝምታውን እስኪፈቱላት አንዲት ቃል አትተነፍስም፤ በእጇ ብቻ ታወራለች። ናፓናንግካ የለቅሶውን ነጭ አፈር እንደተቀባች ሱቅ ብትገባ የልጇ ፊት መደርደሪያውን ሞልቶታል። ሽፋኑን ጠቆመች፤ ዓይኖቿን በመዳፏ ከደነች። ደግማ ደጋግማ አሳየችው። ጋቪን ከከተማ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ያለቀሰች መስሎት አንዱን መጽሔት በነጻ ሰጣት።

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው ይህን ያህል አይደክምም። የዚያኑ ዕለት የልጅቷን ሞት ከክሊኒኩ ነርስ ሲሰማ ከልቡ አዘነ። ሽፋኑን በትልቁ አትሞ፣ ስሟን በቀይ ጽፎ፣ ዙሪያውን አበባ ሰክቶ በሩ ላይ ለጠፈው።

በማግስቱ ዳቦ ልንገዛ የመጣን ሁሉ ፊታችንን አዙረን ቆምን። ሌላ ሱቅ የለንም፤ ግን በዚያ በር ማን ይለፍ? በጓሮ ዞሬ ልጠራው ስል ናፓናንግካ ደረሰች። ጋቪን ወጥቶ ደስ አላት እንደሆነ ጠየቃት። እንደ ትናንቱ ዓይኖቿን ከደነች፤ እሱ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

«ጋቪን፣ ልጄን ሸፍናት።»

ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። እሱ ደንግጦ ወረቀቱን ከበሩ ገነጠለው።

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፤ የምሩን ነው።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኞች ከሚቀመጡበት ሰፈር ወጥታ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ከእንግዲህ ሴቶቹ የሚፈቱላት ነገር የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለእሷ የማደርግላት የቀረኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር» አለችኝ። «እሱንም አልቻልኩላትም።»