አክስቴ ለቴሌቪዥን ሰዎች ስትጸልይ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከአክስቴ ጋር ስኖር ራት ሁልጊዜ የምበላው ቀዝቅዞ ነበር። አክስቴ ማዕድ ፊት መጸለይ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ለዘመድ ትጸልያለች፣ ለቸርቹ ትጸልያለች፣ መጦሪያ ቤት ለምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች ትጸልያለች። በቃ አለቀ ብዬ ሹካዬን ሳነሳ «ደግሞም ጌታ ሆይ» ትልና ወደ ቴሌቪዥን ሰዎች ትሻገራለች። ቀልዴን አይደለም። በምንከታተለው ድራማ ውስጥ አንዲት ዶክተር ነበረች። ባሏ በመኪና አደጋ ሲሞትባት አክስቴ እንደ ጎረቤት አለቀሰችላት፤ ከዚያ ወዲያ «የኔ ዶክተር» ሆና ቀረች።

ድራማው የሚተላለፈው ሐሙስ ማታ ነው፤ አክስቴ ደግሞ ሐሙስ ማታ ሥራ ናት። ስለዚህ እኔ በቪዲዮ ካሴት እቀዳላትና ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቸርች ወዳጇ የሆኑት ጎረቤታችን ተጨምረው፣ ሶፋው ላይ ተደርድረን እናያለን። የሁለቱም እንግሊዝኛ ከሥራ ቦታ አያልፍም። ፈረንጅ ሰባኪ ሲመጣ መድረክ ላይ እንደሚቆመው አስተርጓሚ፣ አንድ ተዋናዮቹ ሲሉ አንድ እኔ እላለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት የአምቡላንስ ሾፌር ድራማው ውስጥ ገባች። እሷና ዶክተሯ አብረው መሳቅ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሄድ ጀመሩ። ሶፋው ላይ ማንም አልገረመውም። እኛ አገር ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማን ዞሮ ያያል? ከሦስታችን ነገሩ ገና ከጅምሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የገባኝም ወድጄ አይደለም።

እኔ ራሴ እንደዚያው ነበርኩ። ቀደም ሲል ሳን ሆዜ የሚኖር አንድ የወንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ሽማግሌ ሊልክ ጥቂት ሲቀረው ሥራው ወደ ሌላ ስቴት ወሰደውና ተለያየን። ከልቤ ወድጄው ነበር። አሁን ደግሞ ፍሪሞንት የምትኖር አንዲት ሴት እወድ ነበር፤ እሷንም ከልቤ። ፈረንጆቹ ባይሴክሹዋል ይሉታል። በአማርኛ ስሙን ሰምቼ አላውቅም፤ ብሰማም አክስቴ ፊት አልጠራውም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከእሷ ሌላ ዘመድ አልነበረኝም። እሷ ፊቷን ካዞረችብኝ ቤትም እናትም የለኝም ማለት ነው። ስለዚህ «ጓደኛዋ ናት» እያልኩ ተረጎምኩ።

ከዚያ ተሳሳሙ። ጉንጭ ለጉንጭ እንዳይመስላችሁ።

«አፍ ላይ ነው እንዴ?» አሉ ጎረቤታችን።

«ልማዳቸው ነው እትዬ» አልኩ ፊቴ እየነደደ። «በጣም የተቀራረቡ ሰዎች እንደዚያ ነው ሰላም የሚባባሉት።»

የዚህ ውሸት መከራ የተረፈው ለጎረቤታችን ነው። ኮንኮርድ የሚሠሩበት ሱቅ ማናጀራቸው ጡረታ ስትወጣ፣ በስንብቱ ዕለት አሞኛል ብለው ደውለው ቤት ዋሉ። «ሴትየዋ እኔን በጣም ነው የምታቀርበኝ፤ ምኑ ይታወቃል» አሉን። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳቄን ዋጥኩ።

ሥራዬ ሳን ሆዜ አንድ ኩባንያ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ከዚህ ድራማ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ «ለካ ትዳሯ ውሸት ኖሯል» ይላል። አንዷ «ተመልካች ለመሳብ ነው፣ ተዉት» ትላለች። እኔ ተስፋ የጣልኩት ወንድ ወዳጅ ባለው ባልደረባችን ላይ ነበር። እሱም «ትወስን እንጂ! ወይ እነሱ ጋ ትሂድ ወይ እኛ ጋ ትምጣ» ብሎ አረፈው። ያ ሁሉ ሰው ሲያወራ፣ ሁለቱም ፍቅር እውነት ሊሆን ይችላል የሚል አንድ እንኳ ጠፋ። በጣም ተናደድኩ፤ ግን አንገቴን ደፍቼ ምሳዬን በላሁ።

የድራማው ጸሐፊዎችም ከእነሱ የተሻሉ አልነበሩም። በመጨረሻው ክፍል ዶክተሯ ሾፌሯን ጠርታ «ሐዘን ነው ያሳሳተኝ፤ አንቺን ወድጄሽ አላውቅም» አለቻትና ከአንድ አዲስ ሐኪም ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ሄደች። ሐሙስ ስቀዳው ብቻዬን ነበርኩ፤ ትራስ አንስቼ ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወርኩ። ያቺን ሴት ዓመቱን ሙሉ እንደ ምስክሬ ነበር የማያት። ምስክሬ ቃሏን ለወጠች።

ቅዳሜ ያንኑ ክፍል ሦስታችን ተቀምጠን አየን። እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ «ተጣሉ፤ ጓደኝነታችን ይቅር እያለቻት ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

«ውሸት ነው» አለች አክስቴ።

ክው አልኩ።

«ይቺ ዶክተር እየዋሸች ነው። ባሏን እንዴት ታየው እንደነበር አይቻለሁ፤ ይቺንም የምታያት እንደዚያው ነው። ጓደኛ ሲለያይ እንዲህ አይለቀስም። አፏ ሌላ፣ ዓይኗ ሌላ።»

ነገሩ አሁን ለጎረቤታችንም ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በኢየሱስ ስም! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም!»

«መች ሁለት ላይ ወጣች?» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «ይቺ ሾፌር የመጣችው የዶክተሯ ባል ከሞተ በኋላ ነው እኮ። ያኔ እሱን ወደደች፣ አሁን ይቺን ወደደች። እኔ ደግ አደረገች አላልኩም። ያየሁትን አላየሽም አይበሉኝ ነው የምለው።»

ጎረቤታችን የመዘምራን ልምምድ አለብኝ ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። በሩ ሲዘጋ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ካሴቱን ወደ ኋላ መልሺው» አለች። «አሁን በትክክል ተርጉሚልኝ።»

«አክስትዬ…»

«ዓመቱን ሙሉ በማይሆን ነገር አስጸለይሽኝ! ጓደኛማቾቹን በሰላም አኑርልኝ ስል ከረምኩ። ሰው እውነቱን ካላወቀ ምን ብሎ ይጸልያል?»

መለስኩት። የተባለውን እንደተባለ ተረጎምኩ። «ወድጄሽ አላውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ዕንባዬ አመለጠኝ። አክስቴ ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ አቆመችው፤ የዶክተሯ ፊት ቴሌቪዥኑ ላይ እየተርገበገበ ቀረ።

«ያን የሳን ሆዜውን ልጅ ወደሽው ነበር?»

«ወድጄው ነበር።»

«ይቺን ፍሪሞንት ሆና የምትደውልልሽንስ?»

ማን ነገረሽ አላልኳትም። ስልካችን ያለው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እኔ ስልክ ላይ ስሆን ፊቴ ምን እንደሚመስል ስታይ ከርማለች። «እወዳታለሁ» አልኩ።

ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዕቃዬን የት እንደምወስድ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ይህን ጌታ ፊት እንዴት አድርጌ እንደማቀርበው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ከባድ ነው፤ አልዋሽሽም። አንቺ ግን እንደዚች ዶክተር ያለውን የለም እንዳትይኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምጣና ፊቷን ልየው። ስሟ ማን ነው?»

ነገርኳት። አፏ ላይ አልቀመጥ ስላላት ደጋግማ አስጠራችኝ።

ለራት ስንቀመጥ ጸሎቱ ከወትሮውም ረዘመ። ዘመድ አለፈ፣ ቸርቹ አለፈ፣ ሽማግሌዎቹ አለፉ። ለዶክተሯ «እውነቱን የምትናገርበት አፍ ስጣት» አለችላት። አለቀ ብዬ ሹካዬን አነሳሁ።

«ደግሞም ጌታ ሆይ» አለች አክስቴ፤ የፍሪሞንቷን ስም እየሰባበረች ጠራችው። «ቅዳሜ ስትመጣ መንገዷን ጠብቅላት። ያ ፍሪዌይ ጭነት መኪና ይበዛበታል።»

አሜን አልኩ። ራቱ በረዶ ሆኖ ነበር፤ ሁሉንም በላሁት።