የሂያም ሲባጎ

ጀማሉ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከእኔ የቁልፍና የዚፕ መደብ አጠገብ። ሚስቱ ስትሞት የአምስት ዓመት ልጁን ሂያምን ጎንደር ወንድሙ ቤት ትቶ ነው የመጣው። በየዓመቱ «ለሚመጣው ዒድ አመጣታለሁ» ይላል። ዒዱ ሲደርስ ሥራ ይበዛበትና ቀሚስ ሰፍቶ ይልካል። እኔ ውስጤ እየበገነ፣ በሰው ልጅ ጉዳይ ምን አገባኝ ብዬ ዝም እላለሁ።

ስልክ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ልኳን የሚያውቀው በሲባጎ ነው። የወንድሙ ሚስት ከትከሻዋ እስከ ባቷ ለክታ ትቆርጠዋለች፤ የደረቷ ዙሪያ በሚደርስበት ላይ ደግሞ ቋጠሮ ታስርበታለች። ድንበር እየተሻገረ የሚነግደው ያሕያ ያመጣለታል። ጀማሉ ተቀብሎ ወዲያው ጨርቅ አይቆርጥም። ቀኑን ሙሉ ሲባጎውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይውላል፤ ምሳ ሲበላ እንኳ አያወርደውም።

ከሲባጎው ጋር የሚመጣው መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልጅህ ጨዋ ናት። ድምጿ አይሰማም፣ ይህን ስጡኝ አትልም።» ጀማሉ ደስ ይለዋል። እኔም «ታድለህ» እለው ነበር። እንዲህ ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጅ ሆና ምንም ስጡኝ የማትለው፣ ብትልም እንደማይሰጧት ስላወቀች ነው።

ሦስተኛው ሲባጎ በረመዳን አጋማሽ መጣ። ጀማሉ የአምናውን አውጥቶ አጠገቡ ዘረጋው። ቁመቱ የጨመረው አንዲት ጣት ብቻ ነው።

«አሮጌውን ለክተው ልከውልህ ይሆናል» አልኩት፣ ላጽናናው።

«አይደለም እቴ ባሕሪያ። እንዲያ ቢሆን ቋጠሮውም እዚያው በሆነ ነበር።»

ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። የዘንድሮው ቋጠሮ ከአምናው ቀርቦ ታስሯል። ልጅቷ ከስታለች።

ያሕያ ገና ዕቃውን አውርዶ አልጨረሰም። ጀማሉ ሄዶ ክንዱን ያዘው።

«ልጄን በዓይንህ አይተሃታል?»

«ወላሂ አይቻታለሁ። ብስኩት ብሰጣት አልበላችም፣ ብብቷ ውስጥ ደበቀችው። ራሷን ልዳብሳት እጄን ሳነሳ ደግሞ ፊቷን ሸፈነች። ዓይን አፋር ናት መሰለኝ።»

ጀማሉ ክንዱን ለቀቀው። የደንበኞች የዒድ ጨርቅ እንደተቆለለ የስፌት መኪናውን ሸፈነ፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝና በዚያው ቀን ወደ መተማ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ። ከደንበኞቹ ጋር እስከ ዒድ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው የተሟገትኩት።

በሃያኛው ቀን ይዟት መጣ። የለበሰችው የመጀመሪያውን የዒድ ቀሚስ ነበር፤ ሌላውን የወንድሙ ልጅ ለብሳው ነው ያገኘው። ያ ቀሚስ ከሁለት ዓመት በኋላም ልኳ ነው። ቆሜ አለቀስኩ።

አዲስ ሊሰፋላት ሜትሩን ይዞ ሲጠጋ፣ ሂያም ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ጀማሉ ባለበት ቀረ። ያን ያህል ዓመት የናፈቃት ልጅ ፊቱ ቆማ እንኳ ገና አልደረሰባትም።

ቀስ ብሎ ተንበረከከና ሜትሩን እጇ ላይ አኖረላት። «በይ አንቺ ለኪኝ፣ ሂያምዬ» አላት። እኔ ቁልፍ የምቆጥር መሰልኩ። በመጨረሻ የሜትሩን ጫፍ ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ቀሚሷን በዓይኑ ገምቶ ሠራላት። ያን ዓመት ሙሉ ሜትር ይዞ አልቀረባትም። ለካኝ ብላ ራሷ እስክትመጣ ጠበቀ።