ከሥጋ ይልቅ መወልወያ የሚወድ ውሻ

ቤታችን ቆቦ ውስጥ ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ከፊት ምግብ ቤታችን፣ ከኋላ መኖሪያችን። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ቦታ ውሻ ማሳደግ እብደት ነው ብሎኝ ነበር። ልክ ነበር፤ ግን ልክ ነህ ብዬው አላውቅም፣ ዛሬም አልለውም።

ውሻው ባጃጅ ሲያይ ያብዳል። ጎማውን ካልነከስኩ ብሎ መሀል አስፋልት ድረስ ይሮጣል። «ኩቲ! ኩቲ! ና!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብጮህ፣ ጎረቤቴን የጠራሁ ይመስል ዞር ብሎ አያይም። የዐቢይ ጾም እንደገባ አንድ ቀን የጭነት መኪና ለጥቂት ስቶት አለፈ። ባለቤቴ ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላም።

«ስሚኝ፣ እስከ ፋሲካ ስትጠሪው የማይመጣ ከሆነ ለወንድሜ እሰጠዋለሁ» አለኝ።

ወንድሙ ዋጃ ነው የሚኖረው። ውሻ የሚያሳድገው በሰንሰለት አስሮ ነው፣ ከዛፍ ሥር፣ ሌት ተቀን። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማህም?» አልኩት።

«ያንቺው እዚህ ይበላል፣ አስፋልት ላይ ይጮኻል። ታስሮም ቢሆን በሕይወት ይኑር።»

ያናደደኝ ደግሞ ልክ መሆኑ ነው።

እልህ ያዘኝና ማስተማር ጀመርኩ። ውሻ ሲታዘዝ የሚወደውን ነገር መስጠት ነው አሉ። ውሻ ምን ይወዳል? ሥጋ ነዋ! ታዲያ ጾም ነው፤ እኛ ቤት ከሽሮና ከምስር ሌላ የለም። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችም ተዘግተዋል። ስለዚህ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ከመስጊዱ አጠገብ ወዳለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ባለ ሥጋ ቤት በዓይኔ ብቻ አወቁኝ።

«ኧረ አንቺ! ጾሙን ልትገድፊው ነው? ያውም በኛ ሥጋ?»

«ኧረ በስማም! ለውሻዬ ነው!»

«አልሐምዱሊላህ! እኔማ ለቄሱ ምን እላቸዋለሁ ብዬ ደንግጬ ነበር» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ቁርጥራጭ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ሳንቲምም አልተቀበሉኝም። እንዲያም ሆኖ ከፀሐይ መግባት በፊት ወሬው ገበያውን አዳርሶ ነበር።

ሥጋውን አሳይቼ ጠራሁት። መጣ! እሰይ አልኩ። ሥጋውን በአፉ ያዘና ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዶ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ከዚያ ጉድጓዱ ላይ ተኛ። ቀኑን ሙሉ ሀብቱን ሲጠብቅ ዋለ፤ ብጠራው ብለምነው ንቅንቅ አላለም። ሥጋ ሰጥቼ ተማሪ ሳይሆን ዘበኛ አተረፍኩ።

ቀጥሎ ኳስ አሰብኩ። አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቄ የልጅ ኳስ ሠራሁለት። እፊቱ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ አሸተተው፣ ጅራቱን ቆላ። ደስ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ አነሳሁና ልወረውርለት እጄን ሰነዘርኩ። ወይ ጉድ! ጭራውን በእግሮቹ መሀል ወትፎ፣ እየጮኸ፣ በአጥር ሾልኮ ጠፋ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

እኔ ሞኟ ፈሪ ነው ብዬ ሰደብኩት። ኋላ ነው የገባኝ። እኛ አገር ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ ነው፤ ይህን የማያውቅ ውሻ ቆቦ ውስጥ አይገኝም። እኔስ ራሴ ስንቱን የሰፈር ውሻ ያባረርኩት ጎንበስ በማለት ብቻ አይደል? ጨዋታ ነው ብዬ የሰጠሁት ለሱ ጦርነት ነበር። አሳዘነኝ፣ ደግሞም ሳቄ መጣ።

ሆሳዕና ቀረበ። ተስፋ ቆርጬ የምግብ ቤቱን ወለል ስወለውል፣ ውሻው ሹልክ ብሎ ገባና የመወልወያውን ጨርቅ ጫፍ ነከሰ። «ልቀቅ አንተ!» ብዬ ጎተትኩ። ጎተተ። አጥብቄ ጎተትኩ። እያጉረመረመ፣ ጅራቱን እንደ ጅራፍ እያወናጨፈ፣ ዓይኑ በደስታ እየበራ ባሰበት። ተናድጄ ለቀቅኩለት። ይዞት ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም! ጨርቁን አምጥቶ እግሬ ሥር ጣለና ቀና ብሎ አየኝ፦ እንደገና ጎትቺ እንጂ!

ለካ ስንት ጊዜ መወልወያዬን ሲነክስ ገርፌ አባርሬዋለሁ። የሚወደውን ነገር በእጄ ይዤ ሥጋ ፍለጋ ስዞር ኖሬያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቁን ደበቅኩት። ስጠራው ከመጣ ብቻ ይወጣል፤ እንጓተታለን፣ አንዳንዴ አሸንፈዋለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈኛል። ሁሌ ካሸነፍኩት ያኮርፋል፣ ልክ እንደ ባለቤቴ። ከጓሮ ጠራሁት፣ መጣ። ከደጅ ጠራሁት፣ መጣ። ባጃጅ ሲያልፍ ግን ገና አልሞከርኩትም፤ ፈራሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ከቀትር በኋላ ወንድምየው ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከዋጃ መጣ። ከባጃጅ ወርዶ ገና «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል፣ ያ ያመጣው ባጃጅ ተነሳ። ውሻውም ተከተለ። ከላይ የጭነት መኪና እየተምዘገዘገ ይመጣል።

መወልወያው ጓዳ ነው! የበዓል ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ እያራገብኩ «ኩቲ! ና!» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ቆመ። ዞረ። ባጃጁን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጆሮውን አጥፎ ወደኔ በረረ፤ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ከኋላው አለፈ። ነጠላዬን ከነጥበቡ ነከሰው። እያለቀስኩ ጎተትኩ፣ እየሳቅኩ ጎተትኩ። ነጠላው ተርተር ብሎ ተቀደደ፤ ይቀደድ! ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ ባለቤቴ፣ ያን ውሻ በእጁ ነክቶት የማያውቀው ሰውዬ፣ በአዲስ ሱሪው አፈር ላይ ተንበረከከና የነጠላውን ጫፍ ከእጄ ተቀበለኝ። ውሻው አጉረመረመ። ባለቤቴም መልሶ አጉረመረመ።

ወንድምየው ሰንሰለቱን እንደያዘ ቆሞ ያያቸዋል።

«ግባና ምሳህን ብላ» አለው ባለቤቴ ቀና ሳይል፣ እየጎተተ። «ይሄ የትም አይሄድም።»