ፍልፈል የቦረቦረው እርከን

ከኮሌጅ ወጥቼ የልማት ሠራተኛ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብሁት ከማንኩሳ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ነበር። በዚያ ዓመት ከሕዝቡ ጋር በጋውን ለተፋሰስ ሥራ ወጥተን ተዳፋቱን ሁሉ በአፈር እርከን ሸፍነነው ነበር።

እርከኑ ካለፈባቸው ማሳዎች አንዱ የአንዲት ባልቴት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን የሚያርስላቸው ጎረቤት ቢሆንም አረሙን ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሲነቅሉ ይውሉ ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ እርከኑ ውስጥ ፍልፈል ገብቷል። የእርከኑ ሆድ ባዶ ሆኗል። ዝናቡ ሳይበረታ ተቆፍሮ እንደገና ይጠቅጠቅልኝ» አሉኝ።

አብሬያቸው ሄድሁ። በእርከኑ ግርጌ ፍልፈል የገፋው ትኩስ አፈር እዚህም እዚያም ተቆልሏል። እርከኑ ላይ ወጥቼ በጫማዬ ረገጥ ረገጥ አደረግሁት፤ አልሰመጠም።

«ጠንካራ ነው፣ እማማ። አይስጉ» አልኋቸው።

«ከላይማ ጠንካራ ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የሄዱት አምነውኝ አልነበረም፤ ከመንግሥት ሰው ጋር መከራከር ስላልወደዱ ነው። እኔም እውነቱን ለመናገር፣ ገና የሠራነው እርከን ይፍረስ ብዬ ለአለቆቼ መንገር ፈርቼ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የወረደ ዝናብ ከእርከኑ ጀርባ ተጠራቀመ። ውሃው በፍልፈሉ ጉድጓድ ገብቶ ውስጥ ውስጡን ቦርቡሮ ናደው። ስደርስ እሳቸው ጭቃው ላይ ቆመው፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያያሉ። ገና የበቀለው ጤፍ ከነአፈሩ ወደ ወንዙ ሄዷል፤ ማሳውን መሀል ለመሀል ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሰንጥቆታል። በተናደው አፈር ላይ የፍልፈሉ መንገድ ክንድ የሚያስገባ ሆኖ ይታይ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ነግረውኝ ነበር» አልሁ።

«አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ፤ የተማርኸው ከወረቀት ነው» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጎረቤቶቻቸውን ለምኜ ቦረቦሩን በድንጋይና በእንጨት አብረን መከተር ጀመርን። ክትሩ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ደለል ያዘ፤ ጤፍ የሚያበቅለው አፈር ግን አልተመለሰም። እሳቸው ግን ማሳው በተናደ በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ፣ ቤታቸውን ዘግተው ቡሬ ወደ ልጃቸው ሄዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ገበያ ላይ ሰምቼ ቡሬ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደረስሁ። ልጃቸው እያለቀሰች፣ «እናቴ ክረምት በገባ ቁጥር ‹ማሳዬን ማን ያርመው ይሆን?› ትል ነበር» አለችኝ።

ማን እንደሆንሁ አልነገርኋትም።