ለቁጣ የተለማመድነው እንግሊዝኛ

ኤርፖርቱ አጠገብ ካርጎ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካርቶን ላይ ወረቀት ስለጥፍ ውዬ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው የእንግሊዝኛ ክፍላችን ስደርስ እግሬ ደረጃውን እምቢ ይለኝ ነበር። ሊፍቱ እኔ ከመመዝገቤ በፊት ጀምሮ «በጥገና ላይ» ነው። መምህራችን ወጣት ነው፤ ደክሞት አያውቅም። «ቋንቋ የሚለመደው በድራማ ነው» ይልና ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግቶ አንዱን ሐኪም፣ ሌላውን በሽተኛ ያደርገናል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ቁጭ ብሎ መማር ነበር።

አብረውን የሚማሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የፈረንጆች መሥሪያ ቤት ጥበቃ ናቸው። አዲስ ኃላፊ ከውጭ መጥቶ ጥበቃዎቹን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ሊያነጋግር ነው፤ መልስ ያጣ ኮንትራቱ አይታደስለትም ተብሏል። የጋሼ ተራ ሰኞ ነበር።

«የፊተኛው አለቃ ሲጮህብኝ ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ይሄኛውም ያው ነው» አሉን።

መምህሩም ድራማውን ለሳቸው ብሎ አዘጋጀው። እኔ አለቃ ነኝ፤ ጋሼ ያረፈዱ ጥበቃ ናቸው። እኔ ተቀምጬ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ቆመው ይቅርታ ይጠይቃሉ።

በሩን ከፍተው ሲገቡ ብድግ አልኩ። «ኖር!» አልኳቸው። ጥግ ጥጉን የተቀመጡት ተማሪዎችም አብረውኝ ተነሱ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ ጋሼ።

መምህሩ ራሱን ያዘ። «አለቃ ነሽ እኮ! አለቃ ለጥበቃ ይነሳል?»

እንደገና ወጥተው ገቡ፤ እንደገና ተነሳሁ። አባቴን በሚያክል ሰው ፊት ወንበር ላይ ተለጥፌ መጮህ በየትኛውም ቋንቋ አይመጣልኝም። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ተባረኪ፤ አከበርሽኝ። ግን እንዲህ እያከበርሽኝ እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው። ቆጣ በይብኝ እንጂ።»

ቅዳሜ ዕለት የሥራ ተቆጣጣሪዬ ሰው ፊት ሲያመናጭቀኝ ውሎ ነበር። ማታ ጋሼ በሩን ከፍተው ሲገቡ አልተነሳሁም። «ዩ አር ሌት!» ብዬ ጀመርኩና፣ ቀን የወረደብኝን ሁሉ እንግሊዝኛዬ በቻለው መጠን እሳቸው ላይ አወረድኩት። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው «ሶሪ ሰር፣ ኢት ዊል ኖት ሃፕን አጌን» አሉ። አልተደናቀፉም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ወደ ለሚ ኩራ የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ ጋሼ ቀስ እያሉ ደረጃውን ወጡ። ከበብናቸው።

«አልጮኸም» አሉን። «ገና ስገባ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። አነጋገሩም ለስለስ ያለ ነው፤ ስለ ቤተሰቤ የጠየቀኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ የተዘጋጀሁት ለቁጣ ነው። ድንግር ሲለኝ ‹ሶሪ ሰር፣ ኢት ዊል ኖት ሃፕን አጌን› አልኩት። ሌላ ጠየቀኝ፤ ያንኑ ደገምኩለት። ሰውዬው ግራ ገባው።»

ኮንትራቱ አልታደሰም። እንሳቅ እናልቅስ ጠፋን። ለካ መጀመሪያ ብድግ እያልኩ ያበላሸሁት ልምምድ ነበር ትክክለኛው። በማን እንደሆነ ሳላውቅ ተናደድኩ፤ ከሁሉ ከሁሉ ግን ደከመኝ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን ለፉ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

መምህሩ ወንበሮቹን ማስጠጋት ጀመረ። የዛሬው ድራማ እንግዳ መቀበል ነው፤ እኔ ባለቤት፣ ጋሼ እንግዳ። ወጡና በሩን አንኳኩተው ገቡ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኳቸው። መምህሩም ዛሬ ራሱን አልያዘም።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው «ሶሪ ሰር» አሉኝ።