ሁዳዴ የጾመው ውሻ

ሃምሳ አለቃ ቢያዝንን በደርግ ዘመን ጎንደር ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ “የውሻው አባት” ይለው ነበር፤ እሱም አይጠላውም። አዲስ አበባ ሠልጥኖ የመጣው ዳማ የሚባለው የፖሊስ ውሻው ሐሺሽ ሲሸተው አይጮኽም፣ አይናከስም፤ ዕቃው አጠገብ ቁጭ ይላል፣ በቃ። በወለቃ በኩል ባለው ኬላ ስድስት ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ ዳማ ተቀምጦበት ባዶ የተገኘ ጆንያ የለም። ቢያዝን ይህን ሲያወራ ደረቱን ይነፋል፤ ቢነፋም አይፈረድበትም።

በሰባተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ልኳንዳ ቤቶች ተዘጉ። በጾም ወራት የውሻውን ሥጋ አዲስ ዓለም ሰፈር ካሉት ሙስሊም ሥጋ ሻጮች የሚያመጣው ፖሊስ ተዛውሮ ሄዷል። ቢያዝን ደግሞ በዐቢይ ጾም ሥጋ አንጠልጥሎ ቁስቋም ሰፈሩ መግባት አፈረ። ስለዚህ ለዳማ እንጀራ በሽሮ ፈተፈተለት። ዳማም ጨዋ ነውና በላ።

በአራተኛው ሳምንት የዳማ ጎድን ይቆጠር ጀመር። አንድ የጭነት መኪና አሽትቶ አሳለፈ፤ ከዚያው መኪና ላይ ሌላ ከተማ ሐሺሽ ተያዘ። አለቃቸው ሻምበል ሐብተ ማርያም ቢያዝንን ጠርቶ፣ ውሻው አርጅቷልና ቅዳሜ በጥይት ይገደል አለው።

ቢያዝን ውሻውን ያደከመው ጾሙ እንደሆነ ያውቃል። እውነቱን ቢናገር ጾመኛ ነው፣ “ኋላ ቀር” ነው ተብሎ መገምገም አለ። ቢሆንም ተናገረ።

“ጓድ ሻምበል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመንግሥት ውሻ ያስጾምሁ እኔ ነኝ። አሥር ቀን ይስጡኝ፤ ዳማ ካልሠራ መጀመሪያ እኔን ያባሩኝ።”

ሻምበሉ የጻፈውን የግድያ ትእዛዝ ኪሱ ከቶ ፈቀደለት። ቢያዝን በማግሥቱ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥጋውን አንጠልጥሎ በሰፈሩ መሀል አለፈ። ምነው ያሉትን ሁሉ የውሻው ነው እያለ መለሰላቸው፤ አንዳንዶቹ አማተቡ።

በአሥረኛው ቀን ሻምበሉ ራሱ ኬላው ድረስ መጣ። ከትክል ድንጋይ በመጣ አውቶቡስ ላይ ዳማ አንድ የበርበሬ ጆንያ ጋ ሄዶ ቁጭ አለ። ፈታሾቹ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው በርበሬ ብቻ አወጡ። ባለቤቱ ይምላል፤ ሻምበሉ ፊቱን አዞረ።

“ዳማ ተቀምጧል፤ ይዘርገፍ” አለ ቢያዝን።

ተዘረገፈ። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ሐሺሽ ወጣ። ቢያዝን አለቀሰ፤ በበርበሬውም አላሳበበም።

ሻምበሉ የግድያውን ትእዛዝ ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው። ከዚያ ቢያዝንን ከሰው ነጠል አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ውሻው ይብላ” አለው። “ጾሙን እኔና አንተ እስከ ፋሲካ እንችለዋለን።”