የሚያቃስተው መዘውር

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የፈተለችው በእንዝርት ነው። እንዝርት ድምፅ የለውም፤ ጭኗ ላይ ሾር ታደርገዋለች፣ ባዘቶው ያልቃል፣ ልቃቂቱ ይወፍራል፣ ወሬዋም አይቋረጥም። ስለዚህ ወንድሜ ከተገደለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ያ አርመኗ የተወችልን መዘውር ዕቃ ቤት አለ አይደል? አውጪና አብጂልኝ» ስትለኝ ክው ነው ያልኩት።

አርመኗ አከራያችን ነበረች። ቤቶቿ ሲወረሱ ሻንጣዋን ብቻ ይዛ ሄደች፤ ከእናቷ የወረሰችውን በእግር የሚረገጥ መፍተያ መዘውር ለእናቴ ተወችላት። እናቴ ያኔ «የፈረንጅ ጉድ!» ብላ ስቃ የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው።

ወንድሜን አብዮት ጥበቃዎች የወሰዱት ከምሳ ላይ አስነስተው ነው። ሬሳውን ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያዩት ሰዎች ነገሩን፤ እንቅበረው ብንል ግን ጥበቃዎቹ አልሰጡንም። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ «ለፀረ ሕዝብ አይለቀስም። ድንኳን የለም፣ ጥቁር የለም፣ ድምፅ የለም» ብሎን ሄደ። ድምፅ መኖር አለመኖሩን ለሚያዳምጥ ጥበቃም ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር ወጣለት። ጥበቃው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ከወንድሜ ጋር ኳስ ሲራገጥ ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው።

እርም ካልወጣ ሙት በሆድ ይቀራል ይባላል። እናቴ እንዲያ ሆነች። እንባ የለ፣ እህል የለ። ጎኔን ወጋኝ ትላለች፣ ትቀመጣለች፣ ግድግዳ ታያለች። አቦ፣ ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች መጥተው እሷን ባዩ! የወንድሜ ጫማ በር ሥር እንዳለ ነው። በምሳ ሰዓት ነፋስ የግቢውን የቆርቆሮ በር ባንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን፤ ማንም አይገባም። አንዱን ቀብሬ ሳልጨርስ፣ መቼ ቀበርኩትና፣ ሁለተኛዋም ልትከተለው መሆኑ ይታየኝ ነበር። መዘውሩን ስትጠይቀኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። የሆነ ነገር ፈለገች ማለት ነዋ!

አባታችን ባቡር ጥገና ሠርቶ ሲሞት ያወረሰን የመፍቻ ሣጥኑን ነው። ወንድሜ መጽሐፍ ላይ ሲደፋ ብሎን ስፈታ ያደግኩት እኔ ነኝ፤ «ወንዳወንድ» ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። መዘውሩን ግቢ አውጥቼ የሽንኩርቱን ልጣጭ አራገፍኩ። የሚያዞረው ገመድ ገና ስነካው ዱቄት ሆነ። ረገጫውን የያዘው ጠፍር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ክር የሚጠመጥመው ብረት ዝጎ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። መጋላ ገበያ ወርጄ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጠፍር ለምኜ መጣሁ፣ ገመዱን ከጥጥ ክር ራሴ ገመድኩት፣ ዝገቱን በነጭ ጋዝና በአመድ ፈተግኩት።

በመጨረሻ እግሬን ሳሳርፍበት ዞረ። ዝም ብሎ ግን አልዞረም፤ ሲ...ጥ ብሎ አቃሰተ። ልክ የታመመ ሰው ገልበጥ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነው።

«ቆይ እማዬ፣ ዘይት ጠብ ላድርግበት» አልኳት።

«ተይው። እንዲሁ ይሁን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋና ትረግጣለች። ሲጥ... ሲጥ... እስኪመሽ። እህል መቅመስ ጀመረች፤ ተመስገን አልኩ። ክሩ ግን የሚገርም ነው። እጇ የተመሰከረላት ፈታይ፣ ክሯ እንደ ጀማሪ ክር ይጎረብጣል፣ እዚህ ወፍሮ እዚያ ይቀጥናል። በመዘውሩ አሳበብኩ። ጥበቃው ራሱ «ኧረ ይሄን ጉድ አንድ በሉት!» እያለ ከኒሙ ሥር ያማርራል። እኔንም ድምፁ ሊያሳብደኝ ደረሰ። አሸዋው ላይ ወንድሜ ወዲያው አልሞተ ይሆን? አቃስቶ ይሆን? ውሃ ብሎ ይሆን? መዘውሩ በዞረ ቁጥር ይህን ይጠይቀኛል። እየበላሁ ይሰማኛል፤ ቆሞ ሳለ ሁሉ ይሰማኛል።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ የስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁት። ሞከርኩት፤ እንደ እንዝርት ጭጭ አለ። በሥራዬ ኮራሁ።

ከምሳ በኋላ ቦኖ ሄጄ ውሃ ይዤ ስመለስ ሐረሪዋ ጎረቤታችን ከግድግዳው ወዲያ ሙቀጫ ትደበድባለች። ይቺ ሴት ምን ነካት ብዬ ጆሮዬን ስሰጥ፣ ከሙቀጫው ሥር ሌላ ድምፅ አለ።

«ወየው ልጄ! ዓይንህን ማን ከደነልህ? አንጀቴን! ዓይንህን ማን ከደነልህ?»

እናቴ ናት። ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጓል። ባልዲዬን አስቀምጬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ማነው የሚያለቅሰው?» አለኝ።

«ማን ያለቅሳል? መዘውሩ ነው! ስታማርረው የከረምከው መዘውር!» ብዬ ጮህኩበት።

«ወላሂ ራሴን አፈረሰው እኮ ይሄ መዘውር!» አለች ጎረቤታችን ከወዲያ፣ ሙቀጫዋን ሳታቆም።

አየኝ። ቀጥሎ ዓይኑ እኔን አልፎ ቤቱ በር ሥር ያለው የወንድሜ ጫማ ላይ አረፈ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ጓዳ ስገባ እግሯ ይረግጣል፣ መዘውሩ ጭጭ ብሎ ይዞራል፣ እጇ ላይ ጥጥ የለም። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ማን ዘይት ቀቢልኝ አለሽ?» አለችኝ። «ሰዓቱ ደርሶ ለቅሶው ሲመጣ መያዝ አቃተኝ። እርሜን የማወጣበትን ምነው ዘጋሽብኝ፣ ልጄ?»

እዚያው ተንበርክኬ ዘይቱን በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ አመድ በተንኩበት። ሲ...ጥ ሲል ሁለታችንም ተነፈስን። ጎረቤታችን መውቀጧን አቆመች። በኋላ አይቼዋለሁ፤ ሙቀጫዋ ባዶ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ደርግ ሲወድቅ ድንኳን ጣልን። ሬሳ የለም፣ ፎቶውን አስቀመጥን። ሰፈሩ ሁሉ መጣ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ አልቃሿ በስሙ ሙሾ አወረደች። እናቴ መሐላቸው ደርቃ ተቀምጣለች፤ አንዲት ጠብታ የለም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። «አሁን እኮ የሚከለክልሽ የለም፣ አልቅሺ» አሏት። አፏን ከፈተች፤ አልመጣላትም። ዞር ብላ እኔን ፈለገች። ገባኝ።

መዘውሩን አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና ረገጥኩት። ሲ...ጥ አለ። እናቴ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ከድምፁ ሥር ገብታ ለቅሶውን ጀመረችው፣ ከዚያ ድምፁን አለፈችው። እጇን ዘረጋችና መዘውሩን ያዝ አድርጋ አቆመችው። ለቅሶዋ አልቆመም።